ታማራ ካርሳቪና፤ የመድረክ አደራ

እ.ኤ.አ. በ1954 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የሳድለርስ ዌልስ የባሌት ቡድን «የእሳት ወፍ» የተባለውን ድርሰት በኤድንብራ የኪነ ጥበብ በዓል ላይ ለማቅረብ ሲሰናዳ፣ በልምምዱ አዳራሽ ሁለት ትውልድ ፊት ለፊት ተገናኘ። በአንድ ወገን ስማቸው በገነነበት ዘመን ላይ የነበሩት ማርጎት ፎንቴይን፣ ማይክል ሶምስና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። በሌላው ወገን የዲያጊሌቭን የሩሲያ ባሌት ከ1909 ጀምሮ እስከ ፈረሰበት እስከ 1929 ድረስ በመድረክ ሥራ ኃላፊነት ያገለገለው ሰርጌይ ግሪጎሪየቭ፣ የዚያው ቡድን ዳንሰኛ የነበረችው ባለቤቱ ሊዩቦቭ ቸርኒቸቫ፣ እንዲሁም ከ44 ዓመት በፊት የእሳት ወፍን ሚና ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው ታማራ ካርሳቪና ነበሩ። ትርኢቱ የዲያጊሌቭን ሙት ዓመት 25ኛ መታሰቢያ ለማክበር የታሰበ ነበር። ካርሳቪና 69 ዓመቷ ነበር።

የዚህችን ሴት ሕይወት ለመረዳት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ መመለስ ያስፈልጋል። በ1885 የተወለደችው ከመድረክ ቤተሰብ ነው። አባቷ ፕላቶን ካርሳቪን በንጉሠ ነገሥቱ ባሌት ዳንሰኛና መምህር ነበር። የሙያውን ሽኩቻና ተንኮል ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ልጁ የእርሱን ፈለግ እንድትከተል አልወደደም፤ እናቷ ግን ከአባትየው ተደብቃ ጡረታ ከወጣች ዳንሰኛ ዘንድ ትምህርት አስጀመረቻት። በ1894 ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1902 ጨርሳ ወጣች። ከመምህራኗ አንዱ የክርስትና አባቷ ፓቬል ጌርት ነበር። ጌርት ዳንሰኛ ብቻ ሳይሆን ያለ ድምፅ በእጅና በፊት የሚነገረውን የጥንቱን ትወና የተካነ ሰው በመሆኑ፣ ከእርሱ የተረፋት ነገር ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በሌላ አገር የሚፈለግ ሆነ።

በ1909 ዲያጊሌቭ የሩሲያ ዳንሰኞችን ወደ ፓሪስ ሲወስድ ካርሳቪና ከመካከላቸው ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት «የእሳት ወፍ» ተሰናዳ፤ እንቅስቃሴውን የቀመረው ሚካኤል ፎኪን፣ ሙዚቃውን የደረሰው ገና እምብዛም ያልታወቀው ወጣቱ ኢጎር ስትራቪንስኪ ነበር። ሚናው አስቀድሞ የታሰበው ለአና ፓቭሎቫ ሲሆን፣ ፓቭሎቫ ግን ሙዚቃውን አልወደደችውምና ለካርሳቪና ደረሳት። ለእርሷም ቢሆን አልቀለላትም። የምቱ አካሄድ ጆሮዋ ከለመደው ሁሉ የራቀ ነበርና፣ ስትራቪንስኪ ራሱ ከልምምዱ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ ፒያኖውን ደጋግሞ ይመታላት ነበር። ሰኔ 25 ቀን 1910 በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ስትታይ ስሟ በአውሮፓ ተሰማ። በ1911 ከቫስላቭ ኒጂንስኪ ጋር «የጽጌረዳው መንፈስ»ንና «ፔትሩሽካ»ን ሠራች።

ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1918፣ ከእንግሊዛዊው ዲፕሎማት ባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ከሩሲያ ወጥታ ኑሮዋን በእንግሊዝ አደረገች። በ1920 የዳንስ መምህራን ማኅበር በለንደን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ይኸው ማኅበር ኋላ የዳንስ ንጉሣዊ አካዳሚ ሆነ።

በ1928 ማለቂያ የሆነው ግን ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ዲያጊሌቭ ከዓመታት በፊት አእምሮው የታወከውን ኒጂንስኪን «ፔትሩሽካ»ን እንዲያይ ወደ ፓሪስ ኦፔራ አመጣው። የዚያን ምሽት የአሻንጉሊቷን ሚና የያዘችው የጥንት ጓደኛው ካርሳቪና ነበረች። መድረኩ፣ ሙዚቃው፣ ልብሱ፣ የእርሷም ፊት ተባብረው ትዝታውን ይቀሰቅሱት ይሆናል ተብሎ ነበር ተስፋ የተደረገው። ኒጂንስኪ ወደ መድረክ ወጥቶ ከእርሷ ጎን ቆመ፤ ለአፍታ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልሆነም። ግሪጎሪየቭም በቦታው ነበር። ያ ሰው በሰውነቱ ይዞት የነበረው ዳንስ በሕይወት እያለ ከእርሱ ተለይቶ ነበር።

እንግዲህ ግሪጎሪየቭና ካርሳቪና በ1954 እንደገና ሲገናኙ ሥራው የናፍቆት ጉዳይ አልነበረም። ዲያጊሌቭ ቡድኑ በፊልም እንዲነሣ አይፈቅድም ነበርና፣ ድርሰቱ የሚገኘው በአብዛኛው በሠሩት ሰዎች እግርና ክንድ ውስጥ ነው። ግሪጎሪየቭና ቸርኒቸቫ የርምጃውን ቅደም ተከተል፣ የሰልፉን አቀማመጥና የመግቢያ መውጫውን ሥርዓት አስያዙ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ያለ እርሱ ትርኢት የለም። ነገር ግን ርምጃው ሁሉ ትክክል ሆኖ ወፏ ላትኖር ትችላለች። ካርሳቪና የመጣችው ለዚህ ነበር።

ፎንቴይን 35 ዓመቷ ነበር። ተመልካች የሚወዳት በለስላሳነቷና ሰብዓዊ ስሜትን በሚያሳየው ዳንሷ ነው። ካርሳቪና ከፎኪን የተቀበለችውን ስታስተላልፍላት ያንን ሁሉ ደርባባነት እንድትተወው አዘዘቻት። የእሳት ወፍ ዱር አደር ፍጥረት እንጂ ሴት አይደለችም፤ ልዑሉ ሲይዛት የምትንፈራገጠው ልትበር ነው፤ በመካከላቸው የፍቅር ነገር የለም። አንድን ታላቅ ዳንሰኛ ዝናዋን ያተረፈላትን ጠባይ ጣይው ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለመስማትም እንዲሁ። ያረጀ ዳንሰኛ ሁሉ ይህን አይችልም፤ ብዙው የሚያስተምረው የራሱን ወጣትነት ነውና። ነሐሴ 23 ቀን በኤድንብራ የታየችው የእሳት ወፍ ግን ፎንቴይን ከዚያ በፊት ካሳየቻቸው ሁሉ የተለየች ሆነች።

በዚያ ትርኢት የክፉውን ጠንቋይ የኮስቼይን ሚና የያዘው ፍሬዴሪክ አሽተን ነበር። አሽተን ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ላ ፊይ ማል ጋርዴ»ን፣ ማለትም በደንብ ያልተጠበቀችውን ልጃገረድ፣ እንደገና ለመቀመር ሲነሣ፣ ካርሳቪና በሩሲያ ሳለች የሠራችውን አንድ ትዕይንት አስተማረችው። ሊዝ በእናቷ ተቆልፎባት ብቻዋን የቀረች መስሏት ስለ ትዳሯና ስለሚወለዱላት ልጆች ያለ ድምፅ የምታልምበት ነው፤ ወዳጇ ኮላስ ግን ከነዶው ውስጥ ተደብቆ ሁሉን ያያል። ትዕይንቱ ከጌርት የተማረችው ነበር። አሽተን እንዳለ ተቀበለው። ጥር 28 ቀን 1960 ናዲያ ነሪና በኮቨንት ጋርደን መድረክ ላይ አሳየችው።

ካርሳቪና በ1978 በ93 ዓመቷ በእንግሊዝ አረፈች። የአሽተንን ድርሰት የሚያሳዩ የባሌት ቡድኖች ዛሬም አዲስ ሊዝ ሲያሰለጥኑ፣ ያን ትዕይንት በእጅ በእጅ ያስይዟታል።