ባለቤቱ ሳይመለስ አገሩ የገባው ፒያኖ

ዛሬ ከዕለት ተዕለቱ ፖለቲካችን ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ ፒያኖና ስለ ባለቤቱ ላጫውታችሁ ነው። ፈቀቅ ማለቴ ግን ሩቅ አይወስደኝም፤ ሰውየው እንደኛው ስደተኛ ነበር። ፒያኖ ከኛ ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ ካለ፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያስታውስ። እሳቸውን ካይሮ ላይ ቫዮሊን ያስተማራቸው፣ ኋላም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ የመራው ኮንቶሮቪች የፖላንድ ሰው ነበር። የዛሬው ባለታሪኬም ከዚያው አገር ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒያኖው ዋርሶ በሚገኘው የፍሬደሪክ ሾፓን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ፓሪስ ላይ በፕሌየል ፋብሪካ የተሠራ ሲሆን ቁጥሩ 14810 ነው። ሾፓን ከ1848 መገባደጃ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የተጫወተው በዚሁ ነው። ሌላ ፋብሪካ፣ የኤራር የሚባል፣ የተዘጋጀ ድምፅ የሚሰጥ ፒያኖ ይሠራ ነበር። ሾፓን ሲደክመው በኤራር ይጫወታል፤ ጉልበት ሲያገኝ ግን የራሱን ድምፅ ፈልጎ ለማውጣት ፕሌየልን ይመርጥ ነበር።

ሾፓን በ1810 ከዋርሶ ብዙም በማይርቅ ዜላዞቫ ቮላ በሚባል መንደር ተወለደ። አባቱ በወጣትነቱ ፖላንድ ገብቶ የቀረ ፈረንሳዊ የቋንቋ መምህር፣ እናቱ ፖላንዳዊት ናቸው። ያኔ ፖላንድ የምትባል ነፃ አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1795 ተቀራምተው ጨርሰዋት ነበር፤ ዋርሶም ኋላ በሩሲያው ዛር እጅ ወደቀች። ልጁ በ7 ዓመቱ የመጀመሪያ ድርሰቱ ታተመለት።

ኖቬምበር 2 ቀን 1830፣ በ20 ዓመቱ፣ ሙያውን ሊያሰፋ ወደ ቪየና አቀና። ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ሳይቆይ፣ ኖቬምበር 29፣ ዋርሶ በዛሩ ላይ ተነሣች። አብሮት የተጓዘው የልብ ጓደኛው ቲቱስ ወሬውን እንደሰማ ጠመንጃ ሊያነሣ ተመለሰ። ሾፓን ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በኛ የስደት ሰፈር ቢሆን ኖሮ ፈሪ፣ አድርባይ፣ ጊዜ ጠባቂ ተብሎ በማግስቱ ይጻፍበት ነበር። እኔም በወጣትነቴ ከጸሐፊዎቹ አንዱ መሆኔ አይቀርም። ልጁ ግን ጤናው ደካማ ነበር፤ ቤተሰቡም እንዳይመለስ መክረውታል። ራሱን የወቀሰውን ያህል የወቀሰውም የለም። በ1831 ሽቱትጋርት ከተማ ሳለ ዋርሶ በሩሲያ ጦር መያዟን ሰማና በማስታወሻው ላይ እግዚአብሔርን፣ ሩሲያን፣ ሳትደርስ የቀረችውን ፈረንሳይን፣ ባዶ እጁን ፒያኖ ላይ የተቀመጠውን የራሱን ሰውነት ሳይቀር አማረረ። እናቱና እህቶቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም ነበር።

ያን ዓመት ፓሪስ ገባ። ከተማዋ በፖላንድ ስደተኞች ተሞልታለች። መቼም ይህን ሳነብ ሳቅም እንባም ነው የመጣብኝ፦ ንጉሣውያኑ በልዑል ቻርቶሪስኪ ዙሪያ፣ ሪፐብሊካውያኑ በሌላ ጎራ ተሰልፈው፣ የጋራ ጠላታቸውን ትተው እርስ በርስ ይነካከሱ ነበር። ሾፓን የፖላንድ ሥነ ጽሑፍ ማኅበር አባል ሆነ እንጂ የፓርቲ ሰው አልነበረም። ለባለጸጎች ልጆች ትምህርት በ20 ፍራንክ እየሰጠ፣ ባማረ ልብስና በነጭ ጓንት ይኖር ነበር። ቅዱስ አላደርገውም።

አንድ ነገር ግን አላደረገም። የዛሩ ተገዥ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ሊያሳድስ የሩሲያ ኤምባሲን ደጅ አልጠናም። በ1835 የፈረንሳይ ዜግነት ወሰደ። የኤምባሲ ደጅ ምን እንደሚያስከፍል የምናውቅ እናውቀዋለን። የመመለሻውን በር ዘጋበት። በዚያው ዓመት በኦገስት ወላጆቹን ካርልስባድ በሚባል የፍል ውኃ ከተማ አገኛቸው፤ ሳምንታት አብረው ከርመው ተለያዩ፤ ሁለቱን ዳግመኛ አላያቸውም። አባቱ በ1844 ሲሞቱ መቅበር አልቻለም። እኔም የአባቴን መርዶ በስልክ ነው የሰማሁት፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ከደራሲዋ ከጆርጅ ሳንድ ጋር ስለኖረባቸው ዓመታት ብዙ ስለተጻፈ እዘለዋለሁ።

በ1848 ፓሪስ በአብዮት ስትናጥ ተማሪዎቹ ተበተኑ። ስኮትላንዳዊቷ ተማሪው ጄን ስተርሊንግ ወደ ብሪታንያ ወሰደችው። ሳንባው እያለቀ፣ ደረጃ መውጣት እየተሳነው፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1848 ለንደን ጊልድሆል አዳራሽ ለፖላንድ ስደተኞች መርጃ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ተጫወተ። አብዛኛው ታዳሚ የመጣው ለዳንሱ ነበር። በሕዝብ ፊት ሲጫወት ያ የመጨረሻው ሆነ። ፓሪስ ሲመለስ ፕሌየሉ ተሰጠው፤ ኦክቶበር 17 ቀን 1849፣ በ39 ዓመቱ፣ አረፈ።

አስከሬኑ ፓሪስ፣ ፔር ላሼዝ መቃብር ቀረ። ልቡን ግን ታላቅ እህቱ ሉድቪካ፣ በኑዛዜው መሠረት፣ በብልቃጥ አድርጋ የሩሲያ ድንበር ጠባቂዎችን አሳልፋ ዋርሶ አስገባችው፤ በካባዋ ሥር ደብቃ ነው ይባላል። ፒያኖውን ደግሞ ስተርሊንግ ገዝታ ለእህቲቱ ሰጠች፤ እሱም አገር ገባ።

ሾፓን በልጅነቱ የተጫወተበት ሌላ ፒያኖ፣ ቡህሆልዝ የሚባል የዋርሶ ባለሙያ የሠራው፣ በታናሽ እህቱ በኢዛቤላ ቤት ነበር። በ1863 ፖላንዳውያን እንደገና ተነሡ። ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ በዛሩ እንደራሴ በካውንት በርግ ላይ ከዛሞይስኪ ቤተ መንግሥት የግድያ ሙከራ ተደረገ። ወታደሮቹ ገብተው የነዋሪዎቹን ዕቃ በመስኮት ወረወሩ። የሾፓን ፒያኖም አብሮ ተወርውሮ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ተኩሶ የሚገድል መሣሪያ አልነበረም፤ ጥፋቱ እዚያ ቤት መገኘቱ ነው። ፓሪስ የነበረው ስደተኛው ገጣሚ ኖርዊድ ይህንኑ ግጥም አድርጎ ጻፈው።

ናዚዎችም ተራቸው ደረሰና ሙዚቃውን በአደባባይ እንዳይሰማ ከለከሉ፤ በ1940 ዋርሶ ያለውን ሐውልቱን በፈንጂ አፈረሱ። ልቡ በጦርነቱ ወቅት ከቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1945፣ በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ወደ ዓምዱ ተመለሰ። ሐውልቱ በ1958 እንደገና ቆመ። የተከሰከሰው ቡህሆልዝ አምሳያም ተሠርቶ በ2018 ዋርሶ ገባ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በጥንታዊ ፒያኖዎች በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሾፓን ውድድር ላይ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ተቀምጠው ተጫወቱበት።