ነርስ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ (ከ1912 እስከ 1934 ዓ.ም.)

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በትውልዳቸው የቤተ መንግሥት ልጅ፣ በሙያቸው የሕፃናት ነርስ ነበሩ። በዘመናቸው የታመመን ማስታመም ለእናት ወይም ለአገልጋይ የሚተው ተግባር እንጂ ተምረው የሚገቡበት፣ ተፈትነው የሚያልፉበት ሙያ ሆኖ በአገራችን ገና አልታወቀም ነበር። የልዕልቲቱ አጭር ሕይወት ሊታወስ የሚገባውም ይህን አመለካከት በንግግር ሳይሆን በሥራ ስለ ለወጠ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸው መነን አስፋው ሲሆኑ፣ ከሴቶች ልጆቻቸው ታናሺቱ ነበሩ። የኢጣልያ ጦር ሊወር በተሰናዳበት ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ የሰላም ጥሪ አሰምተዋል። ጥሪው ግን ጦርነቱን አላስቀረውም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ቤተሰቡ ተሰደደ፤ በእንግሊዝ አገርም በባዝ ከተማ ተጠለለ።

የስደት ኑሮ ለብዙዎች የቁዘማ ዘመን ነው። ልዕልት ፀሐይ ግን በለንደን ከሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጣኝ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በ10 አልጋ ሥራውን የጀመረ ሲሆን፣ በኋላ የሕፃናት ሕክምና ትምህርት ዋነኛ ማዕከል ለመሆን የበቃ ነው። የሠልጣኝ ነርስ ኑሮ በዚያ ዘመን የሚያባብል አልነበረም። ሌሊት ተረኛ መሆን፣ ዕቃ መቀቀል፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የሕፃኑን ትንፋሽና የገላ ሙቀት በየሰዓቱ መከታተል የዕለት ግዴታ ነበር። ሕፃን የሚያመውን አይናገርም፤ ስለዚህ ነርሷ ለቅሶውን፣ ዝምታውን፣ የቆዳውን መልክ ማንበብ ይኖርባታል። ይህ ዕውቀት በትውልድ አይወረስም፤ በማዕረግም አይገኝም። ልዕልቲቱ ሥልጠናውን ፈጽመው በ1931 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በእንግሊዝ የሕፃናት ነርሶች መዝገብ ተመዘገቡ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በደሴ ሆስፒታልም በነርስነት ሠሩ። ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በቦምብ በተመታችው ከተማ፣ ሕሙማን በሠለጠነ እጅ እንዲታከሙ ከደከሙት መካከል አንዷ እሳቸው ነበሩ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ተጋቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸውም ወደ ነቀምቴ ሄዱ። በዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

የሌሎችን ልጆች ለማዳን የተማሩ ሴት በእናትነት ደጃፍ ላይ መሞታቸው ከሐዘንም ያለፈ ትርጉም አለው። በዚያ ዘመን የብዙ ኢትዮጵያውያት ዕጣ ይኸው ነበር፤ ማዕረግም አላዳነም። አንዲት ባለሙያ ብቻዋን የቱንም ያህል ብትማር፣ በራሷ የጭንቅ ሰዓት የሚደርስላት ሌላ የሠለጠነ ሰው፣ መድኃኒትና መሣሪያ ከሌለ ዕውቀቷ ለራሷ አይበቃም።

ወዳጆቻቸው ይህን የተረዱ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ለመታሰቢያቸው ገንዘብ ሲሰበሰብ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ፤ እኚህ ሴት በኋላ አዲስ አበባ ኖረው በ1953 ዓ.ም. በዚያው አርፈዋል። የታሰበውም ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል ነበር። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ሕሙማንን ከማከም ጋር ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ ከለቡ በቀለበት መንገድ፣ በአየር ጤና አድርጎ የሚመጣ መንገደኛ ሠፈሩን ጦር ኃይሎች ብሎ ይጠራዋል፤ የልዕልቲቱን ስም የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው።

የተነሡለት ጉዳይ ግን አላለቀም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር ሳይፈጽሙ ይሞታሉ። አራስ ሕፃን እርጥብ ሆኖ ይወለዳል፤ የገላው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ብዙ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ወዲያው ማድረቅ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ማጣበቅ፣ ፈጥኖ ጡት ማስያዝ፣ በታጠበ እጅ መንካት ብዙውን ያድነዋል። የማሞቂያ ሣጥን የሚያስፈልገው ሕፃንም ቢሆን መብራት ሲቋረጥ ቀድሞ የሚደርስለት ነርሷ ናት።

ሆስፒታል የሚነድፍና የሚገነባ ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚማረው አለ። የእጅ መታጠቢያው ከአራሱ አልጋ ምን ያህል ይርቃል፣ ነፋስ በየት ይገባል፣ ነርሷ ተቀምጣ ሕፃናቱን ሁሉ ማየት ትችላለች ወይ፣ የተበላሸውን መሣሪያ ማን ይጠግነዋል የሚሉት ጥያቄዎች ከሕንፃው ውበት ይቀድማሉ። ግድግዳው የሚቆመው ለዚያች ነርስ ሥራ ነውና፣ ነዳፊው እሷን ሳያማክር ባይጀምር መልካም ነው።