አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፦ ከስልክ ማዞሪያ ወረፋ እስከ ዲስክ ጥያቄ ወረፋ

በስርዓተ ክወና ውስጥ የማከማቻ ድራይቨር የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሥራውን ሊጨርስ አይችልም። ዲስኩ በሥራ ተይዞ ሳለ የሚደርስ የንባብ ወይም የጽሕፈት ጥያቄ ይጠብቅ ወይስ ይመለስ? ይጠብቅ ከተባለስ ምን ያህል ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሒሳብ መሠረት የጣለው ሰው ግን ኮምፒዩተርም ዲስክም አላየም። ይህ ጽሑፍ የዴንማርካዊውን የሒሳብ ሊቅ የአግነር ክራሩፕ ኤርላንግን ሕይወት በአጭሩ ይቃኛል፤ ሥራው ለዲስክ ወረፋ አያያዝ ያለውን ፋይዳና ወሰንም ያሳያል።

ልደትና ትምህርት

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1878 በዴንማርክ፣ በዩትላንድ ምድር፣ ሎንቦርግ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ መምህርና የሰበካው ጸሐፊ ነበር። በ14 ዓመቱ፣ ዕድሜው ገና ስላልደረሰ በልዩ ፈቃድ፣ ለኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የመሰናዶ ፈተና ተቀምጦ በማዕረግ አለፈ። ከዚያም ወደ አባቱ ትምህርት ቤት ተመልሶ ለሁለት ዓመት አስተማረ። በ1896 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1901 በሒሳብ ተመረቀ፤ ቀጥሎም ለሰባት ዓመት ያህል በመምህርነት አገለገለ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው በዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር ያገኘው ትውውቅ ነው። በዚያ የተዋወቀው ዮሃን ዬንሰን የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሲሆን፣ ራሱም የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በእርሱ አማካይነት ኤርላንግ በ1908 በኩባንያው ተቀጠረ።

የማዞሪያው ችግር

በዚያን ዘመን ደንበኛ ሲደውል ጥሪው ለስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ይደርሳል፤ እርሷም ገመድ እየሰካች ከተፈላጊው ጋር ታገናኛለች። መስመርና ሠራተኛ ቢበዛ ኩባንያው ይከስራል፤ ቢያንስ ደግሞ ደንበኛው መስመር ያጣል። ኤርላንግ በ1909 ባሳተመው ጥናት በዘፈቀደ የሚመጡ ጥሪዎች ብዛት የፖይሰንን ሕግ እንደሚከተል አሳየ። በ1917 ደግሞ ዛሬም የሚሠራባቸውን ሁለት ቀመሮች አቀረበ። አንደኛው መስመር ሁሉ በተያዘ ጊዜ የመጣ ጥሪ የሚቀር ከሆነ፣ ስንቱ ጥሪ እንደሚቀር ያሰላል። ሁለተኛው ጥሪው ወረፋ የሚይዝ ከሆነ፣ ስንቱ እንደሚጠብቅና ምን ያህል እንደሚቆይ ይናገራል።

ሥራው በወረቀት ላይ ብቻ አልተወሰነም። በስልክ ገመዶች ላይ ጉዳት የሚያደርሰውን ባዘኔ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት፣ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሃገን ጎዳናዎች የመሬት ውስጥ ጉድጓዶች ይወርድ ነበር።

ከማዞሪያ ወደ ዲስክ

ዲስክን እንደ አንዲት የማዞሪያ ሠራተኛ፣ ከፕሮግራሞች የሚመጡትን ጥያቄዎች እንደ ጥሪ ብንመለከታቸው የኤርላንግ ስሌት ትርጉሙ ይገለጣል። ጥያቄዎች በዘፈቀደ ይመጣሉ፣ የአገልግሎት ጊዜያቸውም እንዲሁ ይለያያል እንበል። አንድ ጥያቄ በአማካይ 8 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ዲስኩ 50 በመቶ ሲያዝ ጥያቄው ከመግባት እስከ መውጣት በአማካይ 16 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። በ80 በመቶ 40፣ በ90 በመቶ 80፣ በ95 በመቶ 160 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 በመቶ የተጨመረችው ጥቂት ሥራ ቆይታውን እጥፍ አደረገችው። ስለዚህ ዲስክን ያለ ዕረፍት ማሠራት ቁጠባ ቢመስልም፣ ዋጋውን የሚከፍለው የሚጠብቀው ተጠቃሚ ነው።

ሁለቱ ቀመሮች በድራይቨር ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። የሳታ ዲስክ በራሱ ወረፋ እስከ 32 ጥያቄ ብቻ ይይዛል። ቦታው ሲሞላ አዲሱ ጥያቄ ይመለሳል፤ ይሁን እንጂ አይጠፋም፤ ስርዓተ ክወናው በላይኛው ወረፋ ያቆየዋል። በታች እምቢ የተባለው ከላይ ጥበቃ ይሆናል ማለት ነው። የማስታወሻ ቦታን በመጨመር ወረፋን ማስረዘም በራሱ ጥበቃን አያስቀርም።

የስሌቱ ወሰን

በስልክ ማዞሪያ የጥሪዎች ቅደም ተከተል የውይይቱን ርዝመት አይለውጥም። በሚሽከረከር ዲስክ ግን ይለውጠዋል፤ የማንበቢያው ራስ ከቦታ ቦታ ስለሚንቀሳቀስ ቅርብ ለቅርብ ያሉትን አከታትሎ ማስተናገድ ጊዜ ይቆጥባል። ወረፋው ሲረዝም የተሻለ ምርጫ ይገኛል። ሆኖም ቅርቡን ብቻ የሚመርጥ ድራይቨር በዲስኩ ዳር ያለውን ጥያቄ ያለ መጨረሻ ሊያስጠብቀው ይችላል። እንደ ሊፍት በአንድ አቅጣጫ እስከ ጫፍ ሄዶ የሚመለሰው ዘዴ ይህን ያቃልላል። የሊኑክስ ዴድላይን የተባለው ዘዴ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል፤ መነሻው ለንባብ 500 ሚሊ ሰከንድ፣ ለጽሕፈት 5 ሰከንድ ነው። ገደቡ ሲያልፍ ቅርበት ቀርቶ ተራ ይከበራል።

ማጠቃለያ

ኤርላንግ ትዳር ሳይመሠርት፣ በኩባንያው 20 ዓመት ያህል አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ1929 በ51 ዓመቱ በኮፐንሃገን ሞተ። በ1946 የስልክ ጭነት መለኪያ በስሙ ኤርላንግ ተብሎ ተሰየመ። ዲስኮችም ተራቸውን ጠብቀው ከዚያ በኋላ መጡ። የእርሱ አካሄድ ለድራይቨር አዘጋጅ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የወረፋውን ርዝመት ከመወሰን በፊት የጥያቄዎቹን አመጣጥና የአገልግሎቱን ጊዜ መለካት፣ ከዚያም ከአማካዩ ባሻገር ከሁሉ በላይ የሚቆየውን ጥያቄ መመልከት ያስፈልጋል።