ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊና የእሳት አንደበት

በቅዱስ መጽሐፍ እሳትና ቃል ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ የተላከው ከንፈሩ በፍሕም ከነጻ በኋላ ነው፤ በበዓለ ሃምሳም መንፈስ ቅዱስ በእሳት ልሳን አምሳል በሐዋርያት ላይ ወረደ። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ያልተገራ አንደበትም እሳት መሆኑን ያስጠነቅቀናል። እንግዲህ አንደበታችን በየትኛው እሳት እንደሚነድ እንመረምር ዘንድ የቅዱስ ኤፍሬምን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን።

ቅዱስ ኤፍሬም በአውሮፓ አቆጣጠር በ306 ዓ.ም. ገደማ በንጽቢን ተወለደ። መምህሩ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ የሆነው ኤጲስ ቆጶስ ያዕቆብ ነበር። በ363 ዓ.ም. ንጽቢን ለፋርስ ስትሰጥ ክርስቲያኖች አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ፤ እርሱም ወደ ኤዴሳ መጣ። በዚያ የባርዴሳን የስሕተት ትምህርት በጣፋጭ ዜማ ተሸፍኖ በሕዝቡ አፍ ይዘመር ነበር። ኤፍሬም ይህን ባየ ጊዜ ዜማውን በዜማ ተቋቋመው፤ ደናግልንም ሰብስቦ የቀናውን ሃይማኖት በመዝሙር አስተማረ።

በድርሰቱም የኢሳይያስን ፍሕም የቅዱስ ቍርባን ምሳሌ አድርጎ ተረጐመው። ሱራፊው ፍሕሙን በእጁ አልነካውም፥ በጉጠት ያዘው እንጂ፤ ነቢዩም አልበላውም። ለእኛ ግን በኅብስቱና በጽዋው የተሰወረውን እሳት እንቀበል ዘንድ ተሰጠን። በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚጠራውና በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለየው ውዳሴ ማርያምም፥ እሳት ነድዶባት ያልተቃጠለችውን የሙሴን ዕፅ የእመቤታችን ምሳሌ አድርጎ ያሳየናል።

ነገር ግን የዚህ አባት ቃል በዜማ ብቻ አልቀረም። በዕድሜው ፍጻሜ በኤዴሳ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባለጠጎቹ እህላቸውን ዘግተው፥ የሚያከፋፍል ታማኝ ሰው የለም እያሉ ያመካኙ ነበር። ሽማግሌው ዲያቆን ከበዓቱ ወጥቶ ገሠጻቸው፤ አደራውንም ራሱ ተቀበለ። በሰበሰበው ገንዘብ ሦስት መቶ ያህል አልጋ አዘርግቶ የተራቡትን አበላ፥ የታመሙትን አስታመመ፥ የሞቱትንም ቀበረ። ረኃቡ ሲያልፍ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ጥቂት ቆይቶም በ373 ዓ.ም. ዐረፈ። መታሰቢያውንም ሐምሌ 15 ቀን እናከብራለን።

እኛስ ምን እንላለን? ፍሕሙን በተቀበልንበት አፍ ከቤተ መቅደስ ወጥተን ባልንጀራችንን ብናማ፥ ያነጻን እሳት ይፈርድብናል። የረኃብተኛውን ጩኸት ሰምተን ዝም ብንልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካህናት በማስተማር፥ ምእመናንም በምጽዋትና በእርቅ ቃል፥ የተቀበልነውን እሳት እንድናበራ እንጂ እንዳናቃጥልበት እንጠንቀቅ።