ግሪጎር ሜንዴል፦ የአተሩ መምህር

በዚህ እትም የአንድ መምህር ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ዓለም የሚያውቀው በሳይንቲስትነቱ ነው፤ እኛ ዕጩ መምህራን ግን ከሁሉ በፊት የሙያ ባልደረባችን አድርገን እንቆጥረዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1838 አባቱን ግንድ ተጭኖት ጉዳት ካደረሰበት በኋላ ቤቱ ተቸገረ። ልጁ ሌሎችን እያስጠና ራሱን ለመርዳት ቢጥርም አልበቃውም። ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ለትዳሯ ከተመደበላት ሀብት ቆርሳ ባትሰጠው ኖሮ ትምህርቱ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። እሱም ውለታዋን አልረሳም፤ ኋላ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ረድቶ አስተምሯል። በ1843 ብርኖ ከተማ ከሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባና ግሪጎር ተባለ።

ማስተማር ይወድ ነበር፤ ይሁንና በ1850 የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና ወደቀ። ከ1851 እስከ 1853 ቪየና ዩኒቨርሲቲ ተልኮ ተማረ። በ1856 ዳግመኛ ቢቀርብም ማረጋገጫውን ሳያገኝ ተመለሰ። እንዲያም ሆኖ ከ1854 እስከ 1868፣ 14 ዓመት ሙሉ፣ በተተኪ መምህርነት አስተማረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የባዮሎጂ መምህር ሁሉ የሚያስተምረውን ሕግ ያገኘው ወረቀቱ የሌለው መምህር ነው!

ሥራውን የሠራው በገዳሙ አትክልት ቦታ በአተር ነው። አተር ለኛ ለጎጃሞች እንግዳ አይደለም። ሜንዴል ከ1856 እስከ 1863 ድረስ 28,000 ያህል የአተር ተክሎች መረመረ። ሁለት ሜትር ገደማ የሚያድገውን ረጅም ዘር ከግማሽ ሜትር ከማያልፈው አጭር ዘር ጋር አዳቀለ። የአበባውን ወንዴ ክፍል ሳይበስል በወረንጦ እየለቀመ፣ የሌላውን ብናኝ በእጁ እየቀባ ነበር የሚያዳቅለው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ረጃጅም ሆኑ። አጭርነቱ የጠፋ መሰለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብናኝ ዘር ሲሰጡ ግን 787 ረጃጅምና 277 አጫጭር ተገኙ፤ ሦስት ለአንድ መሆኑ ነው። ለካ አጭርነቱ ተደብቆ እንጂ አልጠፋም ኖሯል። የወላጅ ባሕርይ እንደ ውሃና ወተት አይደባለቅም፤ እንደ እህል ፍሬ ለየብቻው ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል ማለት ነው።

ይህንን በ1865 ብርኖ ላይ ለምሁራን አነበበ፤ በ1866 ታተመ። ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። በ1868 አበምኔት ሆነ፤ ከ1874 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር በግብር ሙግት ተጠመደ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1884 በኩላሊት በሽታ ሞተ። በ1900 ሦስት ሳይንቲስቶች በየፊናቸው ሥራውን ሲያገኙት እሱ ከተቀበረ 16 ዓመት አልፎት ነበር።

ሜንዴል ራሱ ወፍራም ሰው ነበር። በ1867 ለአንድ የዕፅዋት ሊቅ በጻፈው ደብዳቤ ክብደቱ ዳገት መውጣት እንደከለከለው ገልጿል። ታዲያ የሰው ውፍረትና ቅጥነትስ እንደ አተሩ ይወረሳል?

ይወረሳል፤ ግን እንደ አተሩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዴንማርክ ውስጥ 540 የጉዲፈቻ ልጆች አድገው ሲጠኑ፣ ክብደታቸው የተመሳሰለው ካሳደጓቸው ሳይሆን ከወለዷቸው ጋር ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት እንዲህ ነው። በሌላ በኩል የሰው ቁመት በአንድ ጂን አይወሰንም፤ በ2022 የወጣ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,000 ያህል የጂን ልዩነቶችን ቆጥሯል። በ2007 የታወቀ አንድ የውፍረት ጂን ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ እንኳ የሚጨምረው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

ዘሩ ብቻውንም አይበቃም። የቡሬ ገበሬ ይህን ከኛ በላይ ያውቀዋል፦ ያው አንድ የበቆሎ ዘር ፍግ ባገኘ ማሳ ላይ ሰው ያህላል፣ በተሟጠጠ መሬት ላይ ደግሞ ቀጭጮ ይቀራል። ልጅም እንደዚሁ ነው። ምግብ ያጣ ወይም በሽታ የደጋገመው ልጅ ከዘሩ የተሰጠውን ቁመት ሳይደርስበት ይቀራል።

እንግዲህ ነገ ክፍል ስንገባ ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። ወፍራሙን ሆዳም፣ ቀጫጫውን ሰነፍ ብሎ መጥራት ልጁ ያልመረጠውን አካል መውቀስ ነው። ደግሞ የቀጨጨውን ሁሉ የቤተሰቡ ዘር ነው ብለን ብናልፈው የተራበውንና የታመመውን ሳናይ ልንቀር እንችላለን። ወላጆቹን፣ ታላላቆቹንና ታናናሾቹን እንይ፤ ቁርስ በልቶ መምጣቱን በዘዴ እንጠይቅ። ሜንዴል አንድ አተር አይቶ አልፈረደም፤ ብዙ ትውልድ ቆጥሮ ነው የተናገረው። እኛም ሳንቆጥር አንፍረድ።