ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ የመንግሥትን ልክ የጠየቁ ሊቅ

አንድ ዜጋ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመጣ፣ ጉዳዩ ግብር ቢሆን ፈቃድ፣ አቤቱታ ቢሆን ማስረጃ፣ በልቡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው ከእኔ የሚፈለገው ምን ያህል ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በምትኩ የማገኘው ምንድን ነው የሚል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የአንድ አገር መንግሥት ዋና ጥያቄዎች አድርገው በአማርኛ ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በዚህ ዓለም የኖሩት 33 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት እስከ የት መድረስ አለበት፣ የት ላይስ መቆም አለበት በሚለው ክርክር ውስጥ ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል።

ትውልድና አስተዳደግ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። ዘመኑ ለአገሪቱ፣ በተለይም ለሰሜኑ ክፍል፣ እጅግ የከበደ ነበር። ገና ሕፃን ሳሉ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦር ሜዳ ወደቁ። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረሀብ ከብቱን ፈጅቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። ከምጽዋ የተነሣው የኢጣሊያ ጦርም ወደ ደጋው እየገፋ መጣ። ገበሬው በአንድ በኩል ከረሀብ፣ በሌላ በኩል በየመንገዱ ከሚያልፈው ሠራዊት ጋር ተፋጦ የኖረበት ዘመን ነበር።

ብላቴናው ገብረ ሕይወት ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ምጽዋ ወርደው፣ በወደቡ የቆመች መርከብ ለማየት ገብተው ሳለ መርከቧ ይዛቸው እንደ ሄደች ይተረካል። ከዚያም በአንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ እጅ አደጉ፤ የጀርመንኛ ቋንቋን አጠሩ፤ የአውሮፓን ትምህርት ተማሩ፤ ሕክምናም አጠኑ። ከዘመዶቻቸው ርቀው ያደጉበት አገር ሕግ በጽሑፍ የሚታወቅበት፣ ሹም በደመወዝ የሚያድርበት፣ ግብር በደንብ የሚቆረጥበት አገር ነበር። በኋላ ስለ መንግሥት ሥራ ሲጽፉ ሁለቱን ዓለማት የሚያነጻጽሩት በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ነው።

በቤተ መንግሥት አገልግሎት

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አማርኛን በሚገባ ተማሩ። በጀርመንኛ ዕውቀታቸውም በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት አገለገሉ። ወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት መልኩን መለወጥ የጀመረበት ነበር። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የጦር፣ የፍርድ፣ የገንዘብ፣ የንግድና የውጭ ጉዳይ፣ የእርሻና የሌሎችም ሥራዎች ኃላፊ ተለይቶ ተሰየመላቸው።

ሆኖም የሚኒስቴር ስም መሰጠቱ ብቻውን የመንግሥትን አሠራር አልለወጠውም። የንጉሡ ግምጃ ቤትና የመንግሥቱ ግምጃ ቤት አልተለያዩም ነበር። ከሹማምንቱና ከወታደሩ አብዛኛው ደመወዝ አልነበረውም፤ መተዳደሪያው የተመደበለት ገባር ነበር። ገባሩ እህል ይሰፍራል፤ ማር ያገባል፤ ማገዶ ይሸከማል፤ የሹሙን ሁዳድ ያርሳል፤ ቤትና አጥር ይሠራል፤ እንግዳ በመጣ ጊዜም ድርጎ ያቀርባል። ነጋዴውም ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይከፍል ነበር።

ይህን ሥርዓት የሚደግፉ ሰዎች ከንቱ ክርክር አልነበረም የያዙት። ገንዘብ በብዛት በማይገኝበት አገር ለሠራዊት ደመወዝ መክፈል አይቻልም፤ ያለው ሀብት መሬትና ጉልበት ነው፤ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል የነሣውም በዚሁ ሥርዓት የተሰለፈ ሠራዊት ነው ይሉ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተነሡት ይህንን ክርክር ለመመለስ ነው። የድሉን ታላቅነት አልካዱም። ነገር ግን ነጻነትን በጦር ሜዳ ያስገኘ አደረጃጀት በሰላም ዘመን ነጻነቱን ሊያጸና እንደማይችል ተከራከሩ።

በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በነበረው ሽኩቻ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ከአገር ወጥተው ቆይተዋል። በዚያም ወቅት አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ውስጥ ታተመ። በዚያ ዘመን ስለ ነገሥታት መጻፍ ማለት ማወደስ ነበር። እርሳቸው ግን የዐፄ ቴዎድሮስን፣ የዐፄ ዮሐንስንና የዐፄ ምኒልክን ዘመን በጎውንና ጉድለቱን ለይተው መረመሩ፤ ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱም ሊደረግ ይገባል ያሉትን የአስተዳደር ማሻሻያ ዘረዘሩ።

ከዝርዝሩ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ነበሩ። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገቢ እንዲለይ፤ ሹማምንት የተቆረጠ ደመወዝ እንዲያገኙ፤ የግብሩ ልክ አስቀድሞ እንዲታወቅና በዓይነት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲከፈል፤ ሕግ ተጽፎ ለሁሉም አንድ እንዲሆን፤ ሠራዊቱ በዘመናዊ መንገድ እንዲደራጅ፤ የአገሪቱ ገንዘብ ሥርዓት እንዲይዝ፤ ትምህርት እንዲስፋፋና የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር ጠየቁ።

በድሬዳዋ የጉምሩክ ሥራ

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን የጅቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡርን እንዲቆጣጠሩ ተመደቡ፤ ከዚያም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴዎችን ጉዳይ የሚመራና ቀረጥ የሚሰበስብ ሹም የሚጠራበት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ የሚገባውና በዚያው የሚወጣው ዕቃ በድሬዳዋ በኩል ያልፍ ነበር።

አገሪቱ ከውጭ ጋር የምታደርገው ንግድ ምን እንደሚመስል ከዚህ ሥራ በተሻለ የሚያሳይ ስፍራ አልነበረም። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ፣ የሚገባው ደግሞ ጨርቅ፣ የጦር መሣሪያና በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በመዝገቡ ላይ የሚያዩትን ቁጥር ለማስላት ብቻ አልተጠቀሙበትም፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሥራና ዕውቀት መረመሩ። ጥሬ ዕቃ የሚሸጥና የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን በጥቂት ቀን ለተሠራ ነገር እንደሚለውጥ፣ ባቡር ቢገባም ሕዝቡ ካልተማረና የሚሠራው ነገር ከሌለው የባቡሩ ጥቅም ለሌላው እንደሚያጋድል አስረዱ። የአገር ሀብት ምንጩ ወርቅና ብር ሳይሆን በዕውቀት የተመራ ሥራ ነው የሚለው የትምህርታቸው መሠረት ነበር። የዘመናችን የኢኮኖሚ ምሁራን ይህንን አስተሳሰብ ከእርሳቸው በኋላ ከብዙ ዓመታት ቆይቶ በላቲን አሜሪካ ሊቃውንት ከቀረበው የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ ጋር ያመሳስሉታል።

የመንግሥት ልክ በምን ይለካል?

ይህ ሁሉ ምርመራ ተጠናቅሮ የሚገኘው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ መንግሥት ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ጥያቄ ለብቻው የቆመ አይደለም። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት አስተዋይነት የሚታየውም በዚህ ነው። በዘመናቸው የነበረው አስተዳደር በአንድ ጊዜ እጅግ የበዛና እጅግ ያነሰ ነበርና።

የበዛበት ቦታ የገበሬው ደጅ ነው። ከአምባው ሹም ጀምሮ እስከ አውራጃው ገዥ ድረስ ያለው ሁሉ እጁን የሚዘረጋው ወደ አንድ ጎተራ ነበር። ገበሬው የሚያዋጣው ልኩ ስላልታወቀ፣ ብዙ ቢያመርት ብዙ እንደሚወሰድበት ያውቃል፤ ስለዚህ ለዓመቱ ከሚበቃው በላይ ለማረስ አይተጋም። ያነሰበት ቦታ ደግሞ የጋራ ጥቅም ያለበት ስፍራ ነው። መንገድ የሚሠራ፣ ትምህርት ቤት የሚከፍት፣ ዳኝነትን በተጻፈ ሕግ የሚሰጥ፣ የገንዘብን ዋጋ የሚጠብቅ አካል አልነበረም ማለት ይቻላል። መገበያያው ከውጭ የሚመጣው የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር፤ ባንኩም የተቋቋመው በውጭ አገር ካፒታልና አስተዳደር ነበር።

በመሆኑም የእርሳቸው ሐሳብ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መንግሥት ከገበሬው ጎተራና ከነጋዴው ጭነት ላይ እጁን እንዲሰበስብ፣ ድርሻው አንድና የታወቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በሌላ በኩል ከዚህ ቀደም ባልደረሰበት ስፍራ እንዲደርስ፣ ዕውቀትን እንዲያስፋፋ፣ የአገር ውስጥ ሥራን እንዲያበረታታ፣ መንገድ እንዲያወጣ ይሻል። ልኩ የሚታወቀው በሹማምንቱ ብዛት አይደለም፤ ከሕዝቡ የሚወስደውና ለሕዝቡ የሚመልሰው በግልጽ በመታወቁ ነው።

ይህ አቋም የራሱ የሆነ ያልተፈታ ጥያቄ ነበረው። ገበሬውን ከብዙ ሹማምንት ለማዳን ሥልጣን ወደ መካከለኛው መንግሥት መሰብሰብ አለበት። ሥልጣኑ ከተሰበሰበ በኋላ ግን እርሱን ራሱን ማን ይቆጣጠረዋል? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ተስፋቸውን የጣሉት በዋነኛነት በተማረና አገሩን በሚወድ ገዥ ላይ ነበር፤ እንደ ጃፓን ያሉ አገሮች በአጭር ጊዜ ያሳዩት ለውጥም ይህን ተስፋ አጠንክሮላቸዋል። ሕዝቡ በእንደራሴዎቹ በኩል መንግሥትን የሚጠይቅበት መንገድ በጽሑፎቻቸው ሰፊ ስፍራ አልያዘም። ይህን ጉድለት መጥቀስ ክብራቸውን አይቀንስም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ የት ላይ ሊቀጥል እንደሚገባው ያሳያል እንጂ።

ዕረፍትና ቅርስ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የታተመው ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ደራሲው የመጽሐፋቸውን መታተም ሳያዩ፣ ከጠየቁትም አብዛኛው ሳይፈጸም አለፉ።

ከጥያቄዎቻቸው አንዳንዶቹ በዝግታ መልስ አግኝተዋል። በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአቢሲንያ ባንክ ወደ አገሪቱ መንግሥት ይዞታ ተዛውሮ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ተደነገገ፤ በዚያው ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ስለ ጀመረ፣ ሕግ ማንኛውም ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ መውጣት ቻለ። በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱን የወረቀት ገንዘብ በሥራ ላይ አዋለ። የገባርና የባለርስት ነገር ግን ብዙ ቆይቶ፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው በ1967ቱ አዋጅ ነው የተቋጨው። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለሌላው ዓለም አንባቢ ቀርቧል።

የመንግሥት መጠንና ድርሻ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ በየአገሩ፣ በየዘመኑ እንደ አዲስ ይነሣል። አንዱ መንግሥት ብዙ ይሥራ ይላል፤ ሌላው እጁን ይሰብስብ ይላል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሕይወት የሚያስተምረው፣ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ መኖሩን ነው። ዜጋው የሚከፍለውን ልክ ያውቃልን? የከፈለበትስ አገልግሎት በእጁ ይደርሳልን? የግብር ተመን በአዋጅ ሲታወቅ፣ የአገልግሎት ዋጋና የጊዜ ገደብ በመስኮቱ ላይ ሲለጠፍ፣ ለተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ሲሰጥ፣ ነገሩ ቀላል የቢሮ ሥርዓት ይመስላል። ልኩ ባልታወቀ ግብር ሥር ለኖረው ገበሬና በየኬላው ለቆመው ነጋዴ ግን ይህ ተራ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ማንኛውም ተገልጋይ ክፍያው በየትኛው ሕግ እንደ ተወሰነ ሲጠይቅና ደረሰኙን ሲቀበል፣ አንድ የድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ከመቶ ዓመት በፊት ለሕዝቡ የጠየቁትን መብት በሥራ ላይ እያዋለ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።