ከቤት በፊት መንገድ፦ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የከተማ ቦታ ድልድል

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን በማርቀቃቸው፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት በመድረሳቸውና በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ በመሟገታቸው ነው። ለመሐንዲስ ግን ከእነዚህ የማያንስ ሌላ ሥራ ትተው አልፈዋል፤ ይኸውም የከተማን ቦታ ከቤቱ በፊት መንገዱን አስቀድሞ የማደላደል ሥራ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋራ ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በፒተርስበርግ በመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠልጥነው መኰንን ሆኑ። የመድፈኛ ትምህርት መሠረቱ ልክ፣ ማዕዘንና ርቀት ስለሆነ ምድርን ለክቶ በወረቀት ላይ ማስፈርን ያስተምራል። ቀጥሎም በምዕራብ አውሮፓ የእርሻ ትምህርት ተከታትለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያ ዘመን ከተማ የሚቆረቆረው እንደ ጦር ሰፈር ነበር። ሹሙ በጉብታው ላይ ግቢውን ያጥራል፤ ጭፍራው እንደየማዕረጉ በዙሪያው ይሰፍራል። መንገድ የሚባለውም ከአጥርና አጥር መካከል የተረፈው ክፍተት ነው። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በሹማምንት ስም መጠራታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሰፈሩ በመጀመሪያ ጊዜው የሚያውክ አይመስልም፤ ሕዝቡ ሲበዛ ግን ውሃው መውረጃ፣ ጋሪው መተላለፊያ፣ የታመመውም መውጫ ያጣል።

ተክለ ሐዋርያት በ1909 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ የጅጅጋ ገዥ ሆነው ሲሾሙ ይህን ልማድ ገለበጡት። ከካራማራ ተራራ ማዶ የተዘረጋው ሜዳ ለቀጥታ መስመር የተመቸ ነበርና፣ ከተማውን እርስ በርሳቸው በሚቋረጡ ቀጥ ያሉ መንገዶች ከፋፍለው አስተለሙት። በዚህ ዓይነት አከፋፈል የጋራ የሆነው አስቀድሞ ይከበራል፤ የግል የሆነው በኋላ ይደለደላል። እያንዳንዱ ቦታ በመንገድ ላይ ፊት ይኖረዋል፤ ወሰኑም በጎረቤት ቃል ሳይሆን በመስመር ይታወቃል።

በ1910ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጨርጨር ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን ታስቦ አስተዳደሩ ተሰጣቸው። ዋና ከተማው አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለው ናት። አገሩ ግን እንደ ጅጅጋ ሜዳ ሳይሆን ተራራማ ነው። በተዳፋት ላይ ቀጥታ መስመር ብቻውን አይበቃም፤ ከቁልቁለቱ ጋራ የተሰለፈ ጎዳና በክረምት ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ምድር ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ፕላን ለሁሉም ቦታ እንደማይሆን ያስገነዝባል።

ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ለረጅም ዘመን በማዳጋስካር በስደት ኖሩ። ሲመለሱም ከሹመት ርቀው በጨርጨር፣ በሂርና እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ተውኔታቸውም ገና ከመታየቱ ታግዶ ነበር። በጅጅጋ ምድር ላይ ያሰመሩት መስመር ግን በርካታ መንግሥታት ተለዋውጠውበት ኖሯል።

ጅጅጋ በተተለመችበት ዘመን፣ በ1909 ዓ.ም.፣ የምድር ባቡር አዲስ አበባ ደርሶ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ጣቢያዎች ወደ ከተማነት ማደግ ጀምረው ነበር። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው አዳማ በኮረብቶች መካከል በዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከዙሪያዋ የሚወርደው ጎርፍ መውረጃው በቤት የተዘጋበትን ሁሉ ያሳያል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ደራ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ቤቱ በዋናው መንገድ ዳር ተደርድሮ ከኋላው ያለው መሬት ያለ መግቢያ እንዳይቀር ማሰብ ያሻል።

ቦታ ከተሰጠና ግንብ ከቆመ በኋላ መንገድ ማውጣት ቤት ማፍረስ፣ ካሣ መክፈልና ሰው ማስለቀስ ነው። ችካሉ ባዶ መሬት ላይ በሚተከልበት ቀን ግን የሚጠይቀው ጥቂት ገመድና ጽናት ብቻ ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሥራ ለቀያሽና ለመሐንዲስ የሚያስተላልፈው ትምህርት ይህ ነው።